የዱባ አስኳል

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተወት አደረገሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ናቸው? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? ምግብ ይስማማታል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ካለው የእርድ ቢጫ በቀር ደህና ነኝ፤ ተመስገን ነው። ሳልጽፍልሽ ሦስት ወር ማለፉን አውቃለሁ። ረሳችን እንዳትይ። የእንጀራ ገመዴ ሊበጠስ ደርሶ ስለነበር እጄ ብዕር አልይዝ ብሎኝ ነው። አሁን ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ሥራሽን ጨርሰሽ፣ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

የምሠራበትን ፔንሲዮን ታውቂዋለሽ፤ ዘጠኝ ክፍል፣ አንድ ጠባብ ወጥ ቤትና ስድስት ጠረጴዛ ያለው የቁርስ ክፍል። ባለቤቷን እኛ ሠራተኞቹ “እመት ቁልፍ” ነው የምንላት፤ ሃያ ምናምን ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር እሷ ሳትደርስ ቁልፏ ይደርሳል። አሥራ አንድ ዓመት ቁርስ ሠርቼላታለሁ። እንግዶቹ ለአልጋው የሚመጡ እንዳይመስልሽ፤ አልጋውማ ገልበጥ ባሉ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። የሚመጡት ረፋድ ላይ ለማወጣው እንቁላል ነው። እንቁላሉን ሰብሬ ቀስ ብሎ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ እለቀዋለሁ፤ ነጩ ረግቶ አስኳሉ ሳይረጋ አወጣዋለሁ። ከዚያ የተጠበሰ ዳቦ ላይ አስቀምጬ ከአስኳልና ከቀለጠ ቅቤ የመታሁትን የሎሚ ስጎ አፈስበታለሁ። ሰውየው በቢላ ሲነካው አስኳሉ ዳቦው ላይ ይፈሳል፤ ወሬ የሚያቆሙትም ያኔ ነው። አንቺ ብታዪው ግን ጥሬ ነው፣ ወደ እሳቱ መልሺው እንደምትይኝ አውቃለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት እመት ቁልፍ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የወጥ ቤት በር ዘግታ አታውቅም። ያንን የእንቁላል ቁርስ እንቁላል ሳይገባበት እንድሠራላት ነገረችኝ። ቅቤም አይግባ፣ ወተትም አይግባ፣ ሁሉም ከመሬት የበቀለ ይሁን አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ሲሳካልኝ ደግሞ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ በወረቀት ጽፌ እንድሰጣት፣ ከላይም ስሜን እንዳሰፍርበት አዘዘችኝ። ለምን ልላት አፌን ስከፍት ስልኳ ጠራ። ቁልፎቹ እንዳይንኳኩ በእጇ ጨብጣ እየተቻኮለች ወጣች።

እታለም፣ ወረቀት ስትለኝ ነው መጠርጠር የጀመርኩት። ስለ አጣቢያችን ሳልጽፍልሽ አልቀረሁም። የወይን እድፍ በምን እንደሚለቅ፣ አንሶላ በምን እንደሚነጣ በወረቀት ጽፋ ነበር። ወር ሳይሞላ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጣ፣ እሷ ዕቃዋን ሸክፋ ሄደች። ወረቀቷ አሁንም ማሽኑ ላይ ተለጥፎ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። አባባ ነፍሱን ይማረውና “ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር” ይል አልነበር? ከልጆቹ ሁሉ ይህን ምክር ሰምቼ በሥራ ላይ ያዋልኩ እኔ ብቻ ነኝ። አንቺማ የመጣውን ሁሉ ታምኛለሽ።

በዚያው ሳምንት አንድ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጣ። ወጥ ቤቴን ለካ። ምድጃውን ለካ፣ መስኮቱን ለካ፣ ይቅርታ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ ብሎ እኔ የቆምኩበትን ቦታ ሳይቀር ለካ። ማን እንደሆነ ብጠይቀው የእመቤትዎ ወዳጅ ነኝ ብሎ ፈገግ አለ፤ ጥርሱ በሙሉ ታየ። የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ጥርሱን በሙሉ የሚያሳይ ሰው አላምንም። “ባለ ሜትሩ” ብዬ ስም አወጣሁለት። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። ከእመት ቁልፍ ጋር ቁርስ ክፍሉ ጥግ ይቀመጡና ይንሾካሾካሉ፤ እኔ ሻይ ይዤ ስገባ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራሉ። በዚያ ሰሞን ዝናብ አልነበረም።

አንድ ቀን ጠረጴዛ የምወለውል መስዬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እሷ እስካሁን አታውቅም አይደል፣ ከፊርማው በፊት እንዳትነግሪያት ሲላት ሰማሁ። እሷ ማለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? ክፍል አስተካካዩ ወንድ ነው፣ ዘበኛውም ወንድ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ከሥራ ብወጣ የት ነው የምገባው? ከእንቁላል በቀር የማውቀው የለኝ፤ ሰው ለእንቁላል ብሎ ያከበረኝ እዚህ ቤት ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ሥራው ግን እልህ አስያዘኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያለ ዶሮ ይመጣል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ነጩ ብዙም አላስቸገረኝ። ቶፉ የሚሉት ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ነጭ ነገር አለ፤ አይብ ይመስላል፣ ጣዕሙ ግን የምንም ነው። እሱን በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጌ ቆረጥኩና መሃሉን በማንኪያ ፈለፈልኩት። መከራው አስኳሉ ላይ ነበር። በካሮት ብሞክር ጣፈጠብኝ። በድንች ብሞክር እንደ ማስቲሽ ተለጠፈ። በመጨረሻ የተቀቀለ ዱባ ከዘይት፣ ከእርድና ከአንዲት ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት ጋር ፈጨሁና ለስለስ ባለ እሳት አሞቅኩት። ድስቱን ዘንበል ሳደርገው ጎተት እያለ መጣ። ይሄ አስኳል ነው አልኩ ለራሴ። ስጎውን ደግሞ ካሹ ከሚባለው ለውዝ ሠራሁት፤ ውሃ ውስጥ ካላደረ ግን አይልምም፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

መልኩ መጣ፣ ሽታው ግን የዱባ ነው። ቅመም ሻጩ ጋ ሄጄ ብነግረው ከጓዳው ጥቁር ጨው አወጣልኝ። አሸተትኩት። እታለም፣ እንቁላል እንቁላል ይላል፤ ለዚያውም የሰነበተ እንቁላል። ጨው እንዴት ብሎ እንቁላል ይሸታል? የሆነ መድኃኒት ነካክተውበት ይሆናል ብዬ መጀመሪያ እሱን አስቀመስኩት። ቀጥዬ ሚስቱን አስጠርቼ አስቀመስኳት። በማግስቱ ሁለቱም ደህና መሆናቸውን በዓይኔ አይቼ ነው የገዛሁት። ቅመም ሻጩ ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ ያስለዋል፤ እያሾፈብኝ ነው። ይህ ጨው ጠባየ ልዩ ነው፤ እሳት ላይ እያለ ከጨመርሽው ሽታው ተንኖ ይጠፋል። ከምድጃው ወርዶ ሊቀርብ ሲል ነው የሚነሰነሰው። ይህችን ብቻ ለማወቅ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ክፍል አስተካካዩም በዚያ ሰሞን አንሶላ እንደያዘ ወጥ ቤት ብቅ ማለት አበዛ። ምን ሸተተኝ ይላል፣ እስቲ አንድ ጊዜ ልቅመስ ይላል። ከማን ተልኮ እንደሆነ አላወቅኩምና ጨው የሌለበትን ሰጠሁት፤ ግሩም ነው አለኝ። ስኳር ጨምሬ ሰጠሁት፤ ይሄ ደግሞ ይበልጣል አለኝ። ሰላይ ነው ወይም ርቦታል ብዬ ጥቁሩን ጨው ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት።

በሰባተኛው ቀን ለእመት ቁልፍ አቀረብኩላት። ቢላዋን አሳረፈች፤ ቢጫው ተቀድቶ ዳቦው ላይ ፈሰሰ። ሁሉንም በላች፤ ሳህኑንም በዳቦ ጠረገችው። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይባስ ጠረጠርኩ። ለዱባ ማን ያለቅሳል? ልታባርረኝ ስለሆነ አሳዘንኳት እንጂ አልኩ። እጄን ይዛ ጎበዝ አለችኝና ወረቀቱን በነጋታው እንድሰጣት አሳሰበችኝ።

እንግዲህ አንቺ ፊት አልደብቅም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ውሸት ጻፍኩላት። አንድ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት የሚለውን ስድስት አደረግኩት። ጥቁሩ ጨው ከዱባው ጋር ሩብ ሰዓት ይፍላ ብዬ ጻፍኩ። የካሹውን መዘፍዘፍ ጭራሽ አላነሳሁትም። ከላይ ስሜን በትልቁ አሰፈርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። እስቲ ያለ እኔ ሠርታችሁ አሳዩኝ አልኩ በልቤ። ተንኮል መሆኑን አውቄዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን ብልጠት መስሎኝ ኮርቻለሁ።

አሥር ቀን እንዳለፈ ባለ ሜትሩ አንድ ሼፍ ይዞ መጣ። ሼፉ በእኔ ዕድሜ ነው፤ ረጅም ነጭ ቆብ ደፍቷል፣ ቢላዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። እመት ቁልፍ ዛሬ አንቺ እረፊ፣ እሱ ወረቀቱን እያየ ይሠራል አለችኝ። ይኸው፣ ተተኪዬ መጣ ብዬ አንጀቴ እርር አለ። ሽርጤን ሳላወልቅ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ አየሁት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ማንኪያውን በቢላ እያስተካከለ የጻፍኩትን አንዲት ሳያጓድል ሠራ። ዱባው እንደ ሲሚንቶ ያዘ። ሼፉ ወረቀቱን ደግሞ አየ፣ ድስቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ያለውን አቀረበላቸው። የእመት ቁልፍ ቢላ አስኳሉ ውስጥ ተተክሎ ቀረ። ባለ ሜትሩ አንዴ ጎረሰና ወደ መሐረቡ መለሰው። እኔ በሩ ኋላ ሆኜ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ደስታዬ ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም። ባለ ሜትሩ መናገር ጀመረ፤ ለካስ ቤቱን የሚገዛው እሱ ነው። እመት ቁልፍ ደክሟት ቤቷን ልትሸጥለት ተስማምታለች። እሱ የሚያመጣቸው እንግዶች ከእንስሳ የተገኘ ነገር የማይቀምሱ ናቸው። ወጥ ቤቱን የለካውም አፍርሶ ሁለት መኝታ ሊያደርገውና ቁርሱን ከውጭ ሊያስመጣ ነው። እሷ ደግሞ ወጥ ቤቱ ከነሠራተኛዋ ካልቀጠለ አልሸጥልህም፣ የምትሠራውን ቀምሰህ ወስን ብላ ስትሟገትልኝ ከርማለች። ወረቀቱ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ ነበር፤ ስሜ ከላይ እንዲሰፍር የፈለገችውም ሥራው የእኔ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። እሱ ግን እኔ ከሠራሁት እንቁላል ደብቄ ልጨምር እችላለሁ ብሎ ስለጠረጠረ ሼፉን ለአንድ ቀን ለምኖ አምጥቶታል። ሼፉ የራሱ ሥራ አለው፤ ወጥ ቤቴን አይፈልገውም። እንግዲህ ያቺ ሴት አታላሻለች፣ ያን ቀን ያበላችሽ እንቁላል ነው አላት። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ይፈርሳል፣ ነገሩ አለቀ አላት። እመት ቁልፍ ቁልፎቿን አንድ በአንድ ትዳስሳለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፣ እታለም። እንጀራዬን አድናለሁ ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ አስረከብኩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ደግሞ የባሰ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ በጓሮ በር ልወጣ እግሬን አንስቼ ነበር። ሼፉ ነው ያበላሸው ብዬ ብምል ማን ያውቅብኛል? ከዚያ ግን እመት ቁልፍ ከወንበሩ ጫፍ ላይ እንዴት እንደተቀመጠች አየሁ። ለእኔ ስትል ቃሏን ሰጥታ፣ በእኔ ምክንያት ተዋርዳ ነው የተቀመጠችው። እግሬ አልሄድልሽ አለኝ።

ወጣሁና ወረቀቱ ውሸት መሆኑን፣ የጻፍኩትም ሆን ብዬ መሆኑን ተናገርኩ። ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ሼፉን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግምልኝ ለመንኩት። በመጀመሪያ ተቆጣ፤ በሰው ሥራ ላይ መቀለድ ነውር ነው አለኝ፣ ልክ ነው። ቢላውን ጠቅልሎ ከጨረሰ በኋላ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መልሶ ፈታው። እኔ ዕቃ ብነካ ባለ ሜትሩ እንቁላል ጨመረች ሊል ነውና ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆሜ በቃሌ ብቻ ነገርኩት። ዱቄቱን አንድ ማንኪያ፣ በቃ፤ እሳቱን ቀንሰው፤ እኔ ትናንት ለራሴ የዘፈዘፍኩት ካሹ እዚያ ሳህን ውስጥ አለ። ድስቱ ሲወርድ ጨዉ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ነው አልኩት። ክፍል አስተካካዩ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሮ አንገቱን ደፋ። አሥራ አንድ ዓመት ጣቶቼ ያካበቱትን በአፌ አውጥቼ ለማላውቀው ሰው ሳስረክብ ከሰውነቴ የሆነ ነገር የሚነቀል መሰለኝ። ጨዉ ሲነሰነስና ሽታው ሲመጣ ግን ሼፉ ቀና ብሎ አየኝና ከት ብሎ ሳቀ።

ፈሰሰ። እንዳዘዝኩት ፈሰሰ። ባለ ሜትሩ ሁለቱን በላና ሦስተኛ ጠየቀ። ውሉ ተፈረመ፤ ወጥ ቤቱም ሳይፈርስ ቀረ፣ እኔም በሥራዬ ቀጠልኩ። የእኔን የሥራ ውል ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ዘበኛውንም አስነበብኩት፣ በመስኮቱ ብርሃን ይዤም ጀርባውን አየሁት። ምንም ስንጥር አላገኘሁበትም። አለማግኘቴ ትንሽ ያሳስበኛል።

እመት ቁልፍ ያለፈው ዓርብ ሄደች። ቁልፎቿን ጠረጴዛ ላይ አኑራ ስትወጣ ኮቴዋ እንኳ አልተሰማም፤ ይቅርታ ልጠይቃት በር ላይ ጠበቅኳት። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። አጣቢዋ የሄደችው ልጇ መንታ ወልዳ ልትረዳት መሆኑን፣ ወረቀቱንም ለቀሪው ይጠቅማል ብላ በራሷ ፈቃድ ጽፋ እንደተወችው ነገረችኝ። ማሽኑ አስቀድሞ የተገዛው እሄዳለሁ ስትል ሌላ አጣቢ ስለጠፋ ነው። የሽያጩን ነገር ለማንም እንዳታወራ ባለ ሜትሩ ቃል አስገብቷት ነበር። ብትጠይቂኝ ግን እነግርሽ ነበር አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ ጆሮሽን ጣል ስታደርጊ እንጂ አንድ ቀን ፊት ለፊት ስትጠይቂኝ አላየሁም አለች። ጉንጬን ሳመችኝና ወረደች። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት እንኳ አልነበረም፣ የማመካኝበት።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው። ባልሽን ጋሼን እጅግ አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ የጀርባውን ሕመም ችላ እንዳይለው። ትልቋን ልጅሽን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ፣ ለፈተናዋ በርቺ ብላሻለች በያት። ትንሹን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ ሲያድግ እንደ አክስቱ ተጠራጣሪ እንዳይሆን። ለዶሮዎችሽም ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ ሥራቸውን እየነጠቅኳቸው መሆኑን ግን አትንገሪያቸው። እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፣ የወረቀቱ ውሸት ጋ ስትደርሺ ዝለዪው።

አንቺን መጨረሻ ያደረግኩሽ ጥያቄ ስላለኝ ነው። በላክሽልኝ ደብዳቤ ግርጌ ላይ “ዘንድሮ አትምጪ፣ ድካም ይሆንብሻል” ብለሽ ጽፈሻል። ሦስት ወር ሙሉ ይህችን መስመር ሳገላብጥ ከረምኩ። ክፍሌን ለሌላ ሰው ሰጥተውት ይሆን አልኩ። ሳላውቅ አስቀይሜያት ይሆን አልኩ። ከዚህ የባሰም አስቤያለሁ፤ እሱን እጄ አልጽፍ አለኝ። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት እውነቱን ለመናገር ለዚህም ጭምር ነው። አሁን ግን መገመት በቃኝ። እታለሜ፣ እንዳልመጣ የፈለግሽው ለምንድን ነው? ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ። አምንሻለሁ።

ናፋቂሽ ታናሽ እህትሽ

ከፔንሲዮኑ ወጥ ቤት፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ኅዳር ፲፪ ቀን